የፀሐይን ቀለበት በስሌት ያገኙት አል-በታኒ



ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ፀሐይ ወጥታ ገና ሳትሞቅ ከአንድ ወገኗ ትጎድል ጀመር። ብርሃኑ የጠዋትም የምሽትም አይመስልም ነበር። ከዛፍ ሥር፣ በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው የብርሃን ነጠብጣብ ሁሉ የማጭድ ቅርጽ ያዘ። ላስታ ላሊበላ ላይ የነበሩ ሰዎች ደግሞ ጨረቃ በፀሐይዋ መካከል ገብታ ለአንድ ደቂቃ ገደማ ዙሪያዋን የእሳት ቀለበት ብቻ ሲቀር አይተዋል። ወሎ ውስጥ እኔ በምኖርበት ከተማ ቀለበቱ አልተሟላም፤ የቀረችልን ፀሐይ ግን እንደ ሁለተኛ ቀን ሂላል የቀጠነች ነበረች። ወቅቱ የኮሮና ወረርሽኝ ስለነበር አብዛኞቻችን ሶላተል ኩሱፍን የሰገድነው በየቤታችን ነው።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ሁለት ጥያቄ ይዘው መጡ። አንደኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ ነው። ግርዶሹ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይሆናል ተብሎ አስቀድሞ በራዲዮ ተነግሮ ሳለ፣ ሰዓቱ የታወቀ ነገር ምኑ ያስፈራል፣ ለምንስ ይሰገድለታል አለኝ። ሁለተኛው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። እሳቸው የጠየቁኝ ተቃራኒውን ነው፦ ፀሐይ የምትጨልምበትን ሰዓት የሰው ልጅ አስቀድሞ አውቃለሁ ማለቱ በገይብ እጁን ማስገባት አይሆንበትም ወይ አሉኝ። ለሁለቱም አጭር መልስ ሰጠሁ፤ መልሴ ግን እኔኑ አላጠገበኝም። እኔ ራሴ በቂርአት ቤት የኩሱፍን ሶላት ምዕራፍ ቀርቻለሁ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ፀሐይን፣ ጨረቃንና መሬትን በሦስት ክብ ሥዬ ጨረቃን መካከል አስገብቻለሁ። ሁለቱን ትምህርቶች አገናኝቶ ያስተማረኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ለዚህች የመታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ፣ ሁለቱን በአንድ ሰውነታቸው አገናኝተው የኖሩትን የአል-በታኒን ታሪክ መረጥኩ።

ወደ ሰውዬው ከመድረሳችን በፊት ወደ መዲና ጎራ እንበል። በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም፣ ከግብጻዊቷ ማሪያ የተወለደው ሕፃን፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ፀሐይ የጨለመችው ለኢብራሂም ሞት ነው ተባባሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በሰውም ልጅ ሞት ሆነ በሕይወቱ ፀሐይና ጨረቃ እንደማይጋረዱ፣ ሁለቱ ከአላህ ታምራት ሁለቱ መሆናቸውን፣ ግርዶሽ በታየ ጊዜ ሶላትና ዱዓ ማድረግ እንደሚገባ አስተማሩ። እስኪ አስቡት፤ ልጁን ዛሬ የቀበረ አባት፣ ሰማዩ ለልጅህ አዘነ ሲሉት ዝም ቢል ማን ይወቅሰው ነበር? እሳቸው ግን ዝም አላሉም። የዛሬ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ወደ ኋላ ቆጥረው ያ ግርዶሽ በሸዋል ወር ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 632 የዋለ መሆኑን ይናገራሉ። ዓይነቱም ቀለበታዊ ነበር፤ መዲና ላይ የታየው በከፊል ነው። የእኛም የ2012ቱ ግርዶሽ የዋለው በሸዋል 29 ቀን 1441 ነበር።

አሁን ወደ አል-በታኒ እንሂድ። ሙሉ ስማቸው አቡ ዐብዲላህ ሙሐመድ ኢብን ጃቢር ኢብን ሲናን አል-በታኒ ነው። ከስማቸው ላይ አል-ሐራኒ፣ አል-ረቂ እና አል-ሷቢእ የሚሉ መጠሪያዎችም ይታከላሉ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ858 ገደማ፣ በዛሬይቱ ቱርክ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በሐራን አካባቢ ነው። ሐራን ተራ ከተማ አልነበረችም። ከጥንት ጀምሮ ሲን የተባለ የጨረቃ ጣዖት ይመለክባት ነበር። እስልምና ከገባም በኋላ ሳቢያን የሚባሉት ነዋሪዎቿ ፕላኔቶችን ማክበራቸውን አልተዉም። ከዋክብትን የሚያመልክ ሕዝብ ከዋክብትን አተኩሮ ያያልና ከዚያች ከተማ ብዙ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ወጣ። በባግዳድ የግሪኮችን መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ በመመለስ ስመ ጥር የሆነው ሣቢት ኢብን ቁራም የዚያች ከተማ ልጅ ነው፤ እሱ እስከ ዕለተ ሞቱ በሳቢያን ሃይማኖት ኖሯል።

አል-በታኒ ግን ሙስሊም ነበሩ፤ ሙሐመድ መባላቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። አል-ሷቢእ የሚለው ቅጽል የመጣው ከአያት ቅድመ አያቶቻቸው ነው። በሱረቱል አንዓም ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ኮከቡን፣ ከዚያ ጨረቃን፣ ከዚያ ፀሐይን አይተው ሁሉም ሲጠልቁ ፊታቸውን ወደ ፈጣሪያቸው ያዞሩበትን ታሪክ የቀራ ሰው፣ የአል-በታኒ ቤተሰብ የተጓዘበት መንገድ ይገባዋል። አያቶቻቸው የሰገዱላትን ጨረቃ ልጃቸው በመለኪያ ለካት።

አባታቸው ጃቢር የሥነ ፈለክ መሣሪያ ሠሪ እንደነበሩ ይገመታል፤ ልጅየውም ጥራት ያለው መሣሪያ በመሥራት ይታወቃሉ። ይህን በቀላሉ አትለፉት። በዚያ ዘመን የሰማይ ሊቅ የመሆን ግማሹ እጅ ነው። ነሐሱን ሳያዛንፍ መቁረጥ፣ ክቡን በ360 እኩል መክፈል፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መትከል ያልቻለ ሰው፣ አእምሮው የቱንም ያህል ቢፈጥን የሚያገኘው ቁጥር ጠማማ ይሆንበታል።

ኑሯቸውን ያደረጉት በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሶርያዋ ራቃ ነው። ራቃ ቀደም ሲል ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ የተቀመጡባት ከተማ ነበረች፤ በአል-በታኒ ዘመን ግን ያ ክብር ወደ ኢራቅ ተመልሶ ነበር። ከ264 እስከ 306 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ877 እስከ 918 ድረስ፣ ከዚያች ከተማ ሆነው ሰማይን ሲለኩ ኖሩ። አርባ ሁለት የሒጅራ ዓመት! ዛሬ አንድ ሰው አርባ ዓመት በአንድ ሥራ ላይ ቆየ ቢባል ጡረታ ወጣ ይባላል። አል-በታኒ በእነዚያ ዓመታት በ12 የተከፈለ የጥላ ዘንግ፣ የፀሐይ ሰዓት፣ በግድግዳ ላይ የሚገጠም ትልቅ ሩብ ክብ፣ ኮከብን በቀዳዳ እያነጣጠሩ ከፍታውን የሚለኩባቸው ረጃጅም ማስመሪያዎች ነበሯቸው። መነጽር የተገጠመለት ቴሌስኮፕ ገና ሰባት መቶ ዓመት ይቀረው ነበር። ሁሉም በዓይን ነው።

የድካማቸውን ፍሬ ያኖሩት ዛሬ አዝ-ዚጅ አስ-ሷቢእ በሚባለው መጽሐፋቸው ነው። ዚጅ ማለት የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን ቦታ ለማንኛውም ቀን ለማስላት የሚያገለግል የሠንጠረዥ መጽሐፍ ነው። 57 ምዕራፍና የ489 ከዋክብት ዝርዝር አለው። በመግቢያው ላይ ይህን ዕውቀት ከሃይማኖት ዕውቀት ቀጥሎ ያስቀምጡታል፤ ሰውን ወደ አላህ አንድነት የሚመራ መሆኑንም ይገልጻሉ።

ውድ አንባቢያን፣ የጽሑፌ ዋና ጉዳይ ከዚህ ይጀምራልና ትንሽ ታገሡኝ።

ፀሐይ ከጨረቃ በስፋት 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች። ከእኛ ያላትም ርቀት ከጨረቃ ርቀት 400 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ለዓይናችን ሁለቱም እኩል መስለው ይታያሉ። ነገር ግን ርቀታቸው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ጨረቃ አንዳንዴ እስከ 356 ሺህ ኪሎ ሜትር ድረስ ትቀርባለች፣ አንዳንዴ 406 ሺህ ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ፀሐይም በጥር ወር አጠገብ 147 ሚሊዮን፣ በሰኔ መጨረሻ አጠገብ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አንድ ሳንቲም በሁለት ጣታችሁ ይዛችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ለመሸፈን ሞክሩ። ሳንቲሙ ወደ ዓይናችሁ ሲቀርብ ሰዓቱ ጨርሶ ይጠፋል፤ ይህ ሙሉ ግርዶሽ ነው። ክንዳችሁን ስትዘረጉ ሳንቲሙ ያንሳል፣ የሰዓቱም ጠርዝ ዙሪያውን ይታያል፤ ይህ ቀለበታዊ ግርዶሽ ነው። (በፀሐይ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ቀለበት ብቻ ብትቀር እንኳ ያለ መከላከያ ያያት ዓይን ይጎዳል።)

ይህ ዛሬ ለሕፃን የሚነገር ነገር ነው። በአል-በታኒ ዘመን ግን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ትልቅ ቃል ቆሞ ነበር። ከእሳቸው ሰባት መቶ ዓመት በፊት በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ፣ ዐረቦች አል-መጅስጢ ብለው በተረጎሙት መጽሐፉ ውስጥ፣ የፀሐይ ስፋት ለዓይን ዓመቱን ሙሉ አንድ መሆኑን ጻፈ። መጠኑንም 31 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አለው። እዚህ ላይ ደቂቃ ማለት የጊዜ ሳይሆን የማዕዘን ነው፤ አንድ ዲግሪ በ60 ሲከፈል አንዱ ክፍል ደቂቃ፣ ደቂቃው እንደገና በ60 ሲከፈል አንዱ ክፍል ሰከንድ ይባላል። ጨረቃ ደግሞ እጅግ በራቀችበትና ባነሰችበት ጊዜ ልክ እንደ ፀሐይ 31 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትሆናለች አለ። ውጤቱን ተመልከቱ፦ የጨረቃ ትንሹ መጠኗ ከፀሐይ ጋር እኩል ከሆነ፣ ጨረቃ ከፀሐይ አንሳ የምትታይበት ቀን የለም ማለት ነው። ስለዚህ የቀለበት ግርዶሽ ሊኖር አይችልም። በጥሊሞስ ደግሞ እንዲሁ የሚጣል ሰው አልነበረም። የዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ የተማሩት ከእሱ ነው፤ አል-በታኒም ጭምር።

ሰማይ ግን አል-መጅስጢን አላነበበም። በ259 ዓመተ ሒጅራ የረመዷን ወር በ29ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 873፣ በኢራን ምድር በነይሳቡር ከተማ አቡል ዐባስ አል-ኢራንሻህሪ የተባሉ ሊቅ የጨረቃ አካል በፀሐይ መካከል ሲገባና ያልተሸፈነው ብርሃን ዙሪያውን ሲከበው አዩ። ይህን ያቆዩልን ከዘመናት በኋላ የጻፉት ታላቁ አል-ቢሩኒ ናቸው። ያን ጊዜ አል-በታኒ የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ።

አል-በታኒ ጉዳዩን የያዙት በሌላ መንገድ ነው። እሳቸው የለኩት ከፊል ግርዶሾችን ነው። ራቃ ላይ በ270 ዓመተ ሒጅራ ሙሐረም አጋማሽ (ሐምሌ 883) የጨረቃ ግርዶሽ፣ በ278 ረቢዐል ኣኺር ማብቂያ (ነሐሴ 891) የፀሐይ ግርዶሽ ተከታተሉ። በ288 ዓመተ ሒጅራ ደግሞ አንጾኪያ ላይ ሆነው፣ በሙሐረም ማብቂያ የፀሐይ፣ በሻዕባን አጋማሽ የጨረቃ ግርዶሽ አዩ፤ ያው ግርዶሽ በዚያው ሰዓት ራቃ ላይም እንዲለካ አደረጉ። በየጊዜው የሚያደርጉት አንድ ነው። ግርዶሹ የጀመረበትንና ከፍተኛ ደረጃ የደረሰበትን ሰዓት፣ ከፀሐይዋም ስንት እጅ እንደተሸፈነ ይመዘግባሉ። ከዚያ በበጥሊሞስ ሠንጠረዥ መሆን የነበረበትን አስልተው ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። አይገጥምም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። ሰባት መቶ ዓመት የተከበረ መጽሐፍ በአንድ እጅ፣ በራስ እጅ የተሠራ መሣሪያ ያወጣው ቁጥር በሌላ እጅ። ሰው ከሁለት በአንዱ ይሳሳታል፤ ወይ መጽሐፉን አክብሮ የራሱን ቁጥር በስውር ያቃናል፣ ወይ አንድ ስሕተት አገኘሁ ብሎ መጽሐፉን ከነደራሲው ይጥላል። አል-በታኒ መምህራቸውን አልናቁም። የበጥሊሞስን የስሌት መንገድ ይዘው፣ ቁጥሩን ብቻ በአዲስ ልክ ቀየሩት። የፀሐይ ስፋት እንደ ርቀቷ እንደሚለወጥ፣ ስትርቅ 31 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ስትቀርብ 33 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ እንደሚሆን ጻፉ። ጨረቃንም ከ29 ደቂቃ ተኩል እስከ 35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አደረጓት። የዛሬው ልክ ለፀሐይ ከ31 ደቂቃ ተኩል እስከ 32 ደቂቃ ተኩል ያህል፣ ለጨረቃ ከ29 ደቂቃ ተኩል እስከ 33 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። የላይኛው ጫፋቸው ትንሽ አልፏል፤ ታችኛው ግን በሚያስገርም ሁኔታ ቀርቧል። ዋናውም ነገር ያ ታችኛው ቁጥር ነው። ጨረቃ 29 ደቂቃ ተኩል፣ ፀሐይ ቢያንስ 31 ደቂቃ ከሆኑ፣ ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን የማትበቃበት ጊዜ አለ። የቀለበት ግርዶሽ ሊኖር እንደሚችል በስሌት የተረጋገጠው በዚህ ነው። በዘገቧቸው ግርዶሾች ውስጥ ቀለበቱን ራሱን አየሁ አላሉም፤ ጎደሎ ግርዶሾችን ለክተው ነው የደረሱበት።

ወደ ልጁና ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ፤ ለዚህም ስለ ግርዶሽ ዑደት መናገር ያስፈልገኛል። የጥንት ባቢሎናውያን ግርዶሾችን ለዘመናት ሲመዘግቡ ኖረው አንድ ሥርዐት አገኙ። አንድ ግርዶሽ ከሆነ ከ6,585 ቀንና ከሲሶ ቀን በኋላ እሱን የሚመስል ሌላ ግርዶሽ ይመጣል። በጥሊሞስም ይህን ቁጥር በመጽሐፉ አስፍሮታል፤ አል-መጅስጢን ያጠና ሁሉ ያገኘዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲነገር 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ይሆናል፤ ለመያዝ የማይመች ቁጥር ነው። በእኛ በሒጅራ አቆጣጠር ግን እንዴት እንደሚያምር ተመልከቱ! ያ ጊዜ ልክ 223 የጨረቃ ወር ነው። 223 ወር ማለት 18 ዓመት ከ7 ወር ነው፤ ሌላ ትርፍ የለውም። የፀሐይ ግርዶሽ ሁልጊዜ የሚሆነው በጨረቃ ወር ማብቂያ፣ የጨረቃ ግርዶሽ ደግሞ በወሩ አጋማሽ ስለሆነ፣ የሒጅራ ቀን መቁጠሪያ በእጁ ያለ ሰው ይህን በጣቱ ሊቆጥር ይችላል።

በላሊበላው ግርዶሽ እንሞክረው። ሸዋል 1441 ነበር። 18 ዓመት ከ7 ወር ወደ ኋላ ብንሄድ ረቢዐል አወል 1423 ላይ እንደርሳለን፤ በእርግጥም በዚያ ወር ማብቂያ፣ ሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ሆኗል። ወደ ፊት ከሄድን ጁማደል ኡላ 1460 ይሆናል፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ለዚያ ወር ማብቂያ፣ ለሰኔ 25 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከደቡብ አሜሪካ ሰሜን ተነሥቶ ሰሐራን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚዘልቅ የቀለበት ግርዶሽ አስልተዋል። ቀለበት በቀለበት የሚተካውም በድንገት አይደለም። በእነዚያ 223 ወራት ውስጥ ጨረቃ ወደ ነበረችበት ርቀት ተመልሳ ትመጣለች፤ ፀሐይም በዓመቱ ውስጥ ከነበረችበት ቦታ ከ11 ቀን በላይ አትርቅም። ሳንቲሙም ሰዓቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ ማለት ነው። ያቺ ሲሶ ቀን ግን ምድር ተጨማሪ ሲሶ ዙር እንድትሽከረከር ስለምታደርግ፣ ቀጣዩ ግርዶሽ የሚውለው በሌላ አገር ነው። ሦስት ጊዜ ሲደጋገም፣ ከ55 ዓመት ከ9 ወር በኋላ፣ ወደ ቀድሞው አካባቢ ይመለሳል።

ዑደቱ ግርዶሽ እንደሚመጣ ይነግራችኋል እንጂ በየትኛው ከተማ ስንት እጅ እንደሚጨልም አይነግራችሁም። ለዚያ የአል-በታኒ ዓይነት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው አርባ ዓመት የፈጀባቸው።

ታዲያ ይህ ገይብ ነውን? ዑለማዎቻችን ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት መልሰውታል። ኢማም አል-ገዛሊ ፈላስፎችን በተቹበት በዚያው መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ፣ የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ጉዳቱ ለሃይማኖቱ መሆኑን ጽፈዋል፤ ምክንያቱም ስሌቱን የሚያውቀው ሰው የሚጠራጠረው ስሌቱን ሳይሆን ሃይማኖቱን ይሆናል። ኢብን ተይሚያም የግርዶሽን ጊዜ ማወቅ የክረምትንና የበጋን፣ የወርን መግቢያና መውጫ እንደማወቅ ያለ፣ በልማድ የሚታወቅ ነገር መሆኑን አስረድተዋል። ለሽማግሌው አባቴ መልሴ ይህ ነው። ሚንበር ላይ ቆመን ስሌትን ብናጣጥል፣ ግርዶሹ በተባለው ደቂቃ ሲጀምር ያ ተማሪ ልጅ ማንን እንደሚያምን አስቡት። የኔ ሥጋት እሱ ነው።

ለልጁ ያለኝ መልስ ደግሞ ይህ ነው። ሶላቱ የተደነገገው ግርዶሹ በድንገት ስለሚመጣብን አይደለም። የመግሪብ ሰዓትም ይታወቃል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን እንሰግዳለን። በኩሱፍ የምንሰግደው ሁለት ረከዓ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሩኩዕ ያለበት፣ ያለ አዛንና ያለ ኢቃማ የሚሰገድ ረጅም ሶላት የተያያዘው ግርዶሹን ከማየት ጋር ነው። በስሌት በሌላ አገር አለ የተባለ፣ እኛ ዘንድ ግን የማይታይ ግርዶሽ አያሰግደንም። የምትጠፋበትን ደቂቃ ማወቃችን ደግሞ ፀሐይን በእጃችን አያስገባትም። አል-በታኒ ደቂቃዋን ያውቁ ነበር፤ አንዲት ደቂቃ ግን ሊያዘገዩዋት አይችሉም።

ስለ ሌላው ሥራቸው አጠር አድርጌ ልለፍ። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው አሉ፤ ከትክክለኛው የሚያንሰው ከ2 ደቂቃ ተኩል በታች ነው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መታወቁ ደግሞ ትምህርት አለው። የራሳቸውን ልኬት ያነጻጸሩት በጥሊሞስ ከተወው ልኬት ጋር ነበር፤ የበጥሊሞስ ግን ከአንድ ቀን በላይ የተዛነፈ ነበር። መምህራቸውን ሳይፈትሹ ባመኑበት ቦታ ተሳሳቱ። የምድርን ዘንግ ዘመም ማለት 23 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ብለው ለክተዋል፤ ይህ ለዘመናቸው ትክክል ነው ለማለት የሚያስደፍር ነው። በግሪኮቹ አውታር ፈንታ ሳይን የሚባለውን ስሌት ተጠቅመዋል፤ በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የደከማችሁበት ሳይን ማለቴ ነው። የጥላ ሠንጠረዥም አዘጋጅተዋል፤ የዙህርና የዐስር ወቅት በጥላ የሚታወቅ በመሆኑ ይህ ምን እንደሚጠቅም ለሙአዚን መንገር አያሻም።

መጽሐፋቸው ከእሳቸው በኋላ ረጅም መንገድ ሄደ። በ12ኛው ምእት ዓመት ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ በ1537 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በኑረምበርግ ታተመ። ኮፐርኒከስ በ1543 በታተመው መጽሐፉ ስማቸውን ደጋግሞ ያነሣል። በ1749 ደግሞ ሪቻርድ ደንቶርን የተባለ እንግሊዛዊ፣ ከጥንት ግርዶሾች መካከል እነዚያን የራቃና የአንጾኪያ አራት ግርዶሾች ወስዶ ከራሱ ዘመን ልኬት ጋር አስተያየ። ጨረቃ ከሚጠበቀው ቀድማ የምትሄድ መሰለች። ከምክንያቶቹ ዋነኛው በኋላ ሲገለጥ የምድር መሽከርከር በጥቂቱ እየዘገየ መሆኑ ነው፤ የቀን ርዝመት በመቶ ዓመት ከሁለት ሺህኛ ሰከንድ የማትበልጥ ጊዜ ይጨምራል። ይህችን የምታህል ነገር ለመያዝ የተረዳው ዓለም፣ ራቃ ላይ አንድ ሰው ሰዓቱን ሳያጭበረብር በመመዝገቡ ነው። የዐረብኛው ጽሑፍ በስፔን አገር በኤስኮሪያል ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ቆይቶ፣ ጣልያናዊው ናሊኖ ከ1899 እስከ 1907 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ሚላኖ ላይ አሳተመው። በጨረቃ ገጽ ላይም በስማቸው የተጠራ ሰፊ ጉድጓድ አለ።

ስለ ሞታቸው የምናውቀው ከኢብን አን-ነዲም መዝገብ ነው። በ317 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ929፣ በኑ ዘያት የሚባሉ የራቃ ሰዎች በደል ደረሰባቸውና አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ባግዳድ ሄዱ። አል-በታኒም አብረዋቸው ሄዱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ገደማ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያ ሁሉ መንገድ ስለ ሰማይ ጉዳይ አልተኬደም፤ ስለ ጎረቤት ጉዳይ ነው። ስንጽፍ ስለ ቁጥሮቻቸው ብዙ እንላለን፤ ስለዚህ ጉዞ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው የቀረው፣ እኔ ደግሞ ከመጽሐፋቸው ሁሉ ይልቅ ሰውዬውን የማየው በዚህ ነው። ከባግዳድ ሲመለሱ ሳመራ አጠገብ ቀስር አል-ጂስ በሚባል ቦታ ሞት ቀደማቸው። ራቃ አልደረሱም። አላህ ይዘንላቸው።